ሸራው ክምሩን እንዲያድን፦ አለባበሱና አገላለጡ

በምሥራቅ ጎጃም ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የክምር ጊዜ ነው። ጤፉና ስንዴው ታጭዶ እስኪወቃ ድረስ በክምር ይቆያል። በዚህ መካከል ያለወቅቱ የሚጥል ዝናብ የዓመቱን ድካም ሊያበላሽ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. የመኸር ወራት የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው በላይ ሞቆ ምሥራቅ አፍሪካን ከባድ ዝናብ እንደመታው ይታወሳል። ስለዚህ ብዙ ገበሬዎች ሸራና ላስቲክ መግዛት ጀምረዋል። ነገር ግን መሸፈኛ መኖሩ ብቻ አይበቃም።

ይህ ጸሐፊ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በሚገኝ አውድማ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የጤፍ ክምሮች ተመልክቷል። አንዱ በሣር ብቻ የተከደነ፣ ሌላው በላስቲክ እስከ መሬት የታፈነ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ሲገለጡ ይበልጥ የተጎዳው የታፈነው ሆኖ ተገኘ። ነዶው ጠል እንደያዘ ስለተሸፈነ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ እህሉ ሻግቶ ነበር። የጣና ባለታንኳ የደንገል ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ በዳርቻው የሚያቆማት የገባባት ውኃ ተንጠፍጥፎ እንድትደርቅ ነው። ለክምርም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

አለባበሱ እንደሚከተለው ነው። አስቀድሞ የክምሩ መሠረት በድንጋይና በእንጨት ከመሬት ከፍ ይበል፤ ዙሪያውንም የውኃ መውረጃ ቦይ ይቆፈር። ሸራው የሚለብሰው ጠሉ ከረገፈ፣ ነዶውም ከደረቀ በኋላ ነው። ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ያለው ጠርዝ በመጀመሪያ ይታሰር፤ ከዚያ ወደ ሌላው ወገን ይዘርጋ። ውኃ እንዳያቁር የክምሩ አናት ሾጠጥ ይበል። ሸራውን በችካል ከመብሳት ይልቅ በገመድ አስሮ ድንጋይ ማንጠልጠል ይሻላል። ከታች አንድ ስንዝር ያህል ለአየር ክፍት ይተው።

ሲገለጥ ሥርዓቱ ይገለበጣል። በሸራው ላይ የቀረው ውኃ ወደ ውጭ ይፍሰስ፤ የነፋሱ ወገን በመጨረሻ ይፈታ። አለዚያ ነፋሱ ከሥር ገብቶ ሸራውን ይቀድደዋል። ዝናብ በሌለበት ቀን ጠሉ ሲረግፍ ገልጦ ማናፈስ፣ ማታ መልሶ ማልበስ ይገባል። እጅን ወደ ክምሩ ውስጥ ሰድዶ መሞቁን መመርመርም ጠቃሚ ነው። ከሞቀ ሳይውል ሳያድር ተበትኖ ይሰጣ። የተወቃውም እህል እርጥበቱ ከመቶ ወደ 13 ወይም ከዚያ በታች ሳይወርድ ጎተራ አይግባ።

ሸራው ራሱ ሳይደርቅ ቢታጠፍ ይሻግታል፤ ላስቲክም ፀሐይ ላይ ቢከርም ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ደርቆ፣ ተጠቅልሎ፣ አይጥ በማይደርስበት ከፍ ያለ ጥላ ሥር ይቀመጥ።

የማኅበር መሪዎች ሊያስቡበት የሚገባ ሌላም ጉዳይ አለ። ሸራው በጋራ የተገዛ ከሆነ ዝናብ ሲያስገመግም መጀመሪያ የማንን ክምር ይሸፍናል? የመሪውን ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት መዋጮ የሚያወጣ አይገኝም። ተራው ከአጨዳ በፊት በጉባኤ ይወሰን። ረዳት የሌላቸው አረጋውያንና ብቻቸውን ቤት የሚያስተዳድሩ ሴቶች ይቅደሙ፤ የተረከበውና የመለሰው ሰው ስምም በመዝገብ ይጻፍ። ይህ ውሳኔ ደመናው ሳይመጣ ካለቀ፣ ደመናው ሲመጣ የሚቀረው ገመድ ማሰር ብቻ ነው።