የጭሊሞ ደንና የተሳትፎ ገንዘብ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ሆለታንና አዲስ ዓለምን ካለፉ በኋላ የሚገኘው ጊንጪ የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ ነው። ከከተማው በስተ ሰሜን ጥድ፣ ዝግባና ወይራ የሚበቅሉበት የጭሊሞ ደን አለ። ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የሚሰጠው ገንዘብ የሕዝብን ተሳትፎ በእርግጥ ያሳድግ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ይህን ደን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ጭሊሞ ለረጅም ጊዜ በመንግሥት እጅ የነበረ ደን ነው። መንግሥት ባለቤት ሲሆን የአካባቢው ገበሬ ደግሞ ከልካይ ሳያየው የሚገባ ተጠቃሚ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ገደማ ፋርም አፍሪካ የተባለው የብሪታንያ ግብረ ሰናይ ድርጅት ሌላ መንገድ ይዞ መጣ። አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለው አሠራር በአገራችን በቀዳሚነት ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ጭሊሞ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል የሚጀምረው ደኑን የሚጠቀመው ማን እንደሆነ በማጣራት ነው። ከብት የሚያሰማራው፣ ጭራሮ የምትለቅመው፣ ቀፎ የሚሰቅለው፣ የእርሻ ዕቃ የሚቆርጠው ሁሉ ይለያል። ቀጥሎ ነዋሪውና ባለሙያው አብረው ገብተው በደኑ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ይመዘግባሉ። ከዚያ የሚፈቀደውና የሚከለከለው፣ የቅጣቱ መጠን፣ የገቢው አከፋፈል እየተነሳ ክርክር ይደረግበታል። በመጨረሻ ተጠቃሚዎቹ ኮሚቴ መርጠው፣ መተዳደሪያ ደንብ አጽድቀው ከመንግሥት ጋር ውል ይፈራረማሉ። እንዲህ የተደራጁት ቡድኖች በኋላ የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሆኑ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ዴሞክራሲ የሚል ቃል መነሳት አላስፈለገውም። ግን ሰው ለመረጠው ኮሚቴ ሒሳብ ጠይቋል፣ ጎረቤቱ ላይ የሚፈጸም ቅጣት ላይ እጁን አውጥቷል፣ የመንግሥት ሹም ፈርሞ የሰጠውን ውል በእጁ ይዟል። እንዲህ ያለ ሥራ የለጋሽ ገንዘብ የሚፈልገው ለአስተባባሪዎች ደመወዝ፣ ለመጓጓዣና ዓመታት ለሚወስድ ስብሰባ ነው። በእኔ እምነት ለተሳትፎ የሚሰጥ ገንዘብ ከዚህ የተሻለ ማረፊያ የለውም፤ ሰዎች የሚወስኑት ነገር ነገ ጠዋት ከብታቸው የሚሰማራበትን ቦታ የሚነካ ስለሆነ ስብሰባው ላይ ማንም ለአበል ብሎ አይመጣም።

በ2001 ዓ.ም. አገሪቱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621ን አወጣች። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊና ዴሞክራሲያዊ መብት፣ በጾታ እኩልነት፣ በግጭት አፈታት፣ በፍትሕ ሥራ ላይ እንዳይሠማራ ተከለከለ። በ1984 ዓ.ም. በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም አስተባባሪነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤና ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር የባንክ ሒሳባቸው ታገደባቸው። ጉባኤው አብዛኞቹን ቅርንጫፎቹን ዘጋ። ይህን ጉዳት አቃልሎ ማየት አይቻልም፤ በደል የደረሰበት ሰው የሚሄድበት ደጅ ነው የጠፋው።

አዋጁ ዕድርንና ዕቁብን አልነካም፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትም የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው። የጭሊሞ ማኅበራት ከዚያ ማዕበል ውጭ የቆዩት በዚህ ምክንያት ነው። ለጋሾችም መግቢያ ፈለጉ። የአውሮፓ ኅብረት የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ ከመንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት እንደ አገር ውስጥ ገንዘብ ተቆጠረ። በዓለም ባንክ በኩል የሚመጣው የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም ደግሞ በትምህርት፣ በጤና፣ በውኃ፣ በግብርናና በገጠር መንገድ ላይ አተኮረ።

የዚህ ፕሮግራም ዋና መሣሪያ ውጤት መስጫ ካርዱ ነው። የቀበሌውን ጤና ጣቢያ እንውሰድ። በትልቅ ወረቀት ላይ መድኃኒት መኖሩ፣ በሰዓቱ መከፈቱ፣ ወላዶች የሚስተናገዱበት ሁኔታ በመስመር ይጻፋል። እናቶች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ፣ አካል ጉዳተኞች ለብቻ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣሉ። የጤና ባለሙያዎቹም ለራሳቸው ይሰጣሉ። ከዚያ ሁለቱ ወገኖች የወረዳው ኃላፊ ባለበት ፊት ለፊት ይገናኛሉ። እናቶቹ 1 የሰጡትን ነርሷ 4 ሰጥታው ከተገኘ ምክንያቱ ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜ ነርሷ ራሷ በጀት አጥታ እንደምትቸገር የሚሰማው ያኔ ነው። ማን ምን እስከ መቼ እንደሚያደርግ የጋራ ዕቅድ ይወጣል፤ ከወራት በኋላ ካርዱ እንደገና ይሞላል። ይህ ሁለተኛው ዙር ካልተከፈለበት የመጀመሪያው ከንቱ ነው፤ ፕሮጀክቶች ግን ሁለተኛው ዙር ሳይደርስ ሊያልቁ ይችላሉ።

ወደ ጊንጪ እንመለስ። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች የኳስ ሜዳና የደን መሬት ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ብለው ለተቃውሞ ወጡ። ተቃውሞው ከጊንጪ ወደ መላው ኦሮሚያ ተስፋፋ፣ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። ነዋሪው ስለ ደን ተጠይቆ ውል በፈረመበት ወረዳ ውስጥ፣ ስለ መሬትና ሜዳ ግን ማንም አልጠየቀንም የሚል ቁጣ ነው የፈነዳው። ከዚህ ተቃውሞ በኋላ በ2010 ዓ.ም. የመጣው የአመራር ለውጥ ካስከተላቸው ሕጎች አንዱም የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው።

አዲሱ አዋጅ የ10 በመቶውን ገደብ አነሳ። ድርጅቶች ገቢ ማስገኛ ሥራ እንዲሠሩ ፈቀደ፣ የአስተዳደር ወጪያቸው ከጠቅላላ ገቢያቸው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ፣ የድርጅቶቹን ምክር ቤትና የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድንም አቋቋመ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ የአገር ውስጥ ድርጅቶች መራጮችን አስተምረዋል፣ ምርጫውን ታዝበዋል። ይሁን እንጂ በ2017 ዓ.ም. በርካታ የመብት ድርጅቶች ለጊዜው ታገዱ፤ በዚያው ዓመት ጥር የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ሲቆም ደግሞ ብዙ ፕሮጀክቶች በአንድ ጊዜ ቀጥ አሉ።

ስለዚህ የአገር ውስጥ ምንጭ ጉዳይ ዛሬ አጣዳፊ ነው። የደን ማኅበራት አንድ የሚያሳዩት ነገር አለ፦ ከደኑ ምርት የሚገኘው ገቢ ለማኅበሩ ስለሚደርስ ኮሚቴው ለስብሰባው ለጋሽ አይጠብቅም። ጉድለታቸውም ግልጽ ነው። በብዙ የደን ማኅበራት አባልነቱ የሚመዘገበው በአባወራው ስም በመሆኑ በየቀኑ ጭራሮ ለቅማ ደኑን ከማንም በላይ የምታውቀው ሴት ድምፅ በሚሰጥበት ሰዓት አትቆጠርም። ፈንድ የሚያከፋፍሉ ሰዎች የሚቀጥለውን ጥሪ ሲያወጡ ከዚህ የአባልነት መዝገብ ቢጀምሩ እመኛለሁ፤ ባልና ሚስት ሁለቱም በየስማቸው አባል እንዲሆኑ ደንቡን ለማሻሻል የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ጠቅላላ ጉባኤዎችን ከመጥራት አይበልጥም።