ከወልድያ ሥር ያለው የምድር ቅርፊት

ከወልድያ ተነስቶ ሲሪንቃን አልፎ ወደ መርሳ የሚወርድ መንገደኛ በምዕራብ በኩል ተራራ ያያል፤ በምሥራቅ ደግሞ የሐብሩ ወረዳ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። ከዚህ የሚበልጠው ልዩነት ግን ከእግራችን በታች፣ በምድር ቅርፊት ውፍረት ላይ ነው።

ውፍረቱን ቆፍሮ መለካት አይቻልም። በዓለም ጥልቅ የሚባለው የሩሲያው የኮላ ጉድጓድ እንኳ ከ12 ኪሎ ሜትር ብዙም አላለፈም። ስለዚህ መለኪያው ራሱ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ኢንዶኔዥያ አካባቢ መሬት በኃይል ሲንቀጠቀጥ ሞገዱ የምድርን ሆድ አቋርጦ በደቂቃዎች ውስጥ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ሰው አይሰማውም፤ የተቀበረ ሳይስሞሜትር የተባለ መሣሪያ ግን ይመዘግበዋል።

ሞገዱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ፈጣኑ ዓለቱን እየገፋና እየሳበ ይጓዛል፣ ዘገምተኛው ወደ ጎን እያወዛወዘ። ፈጣኑ ከሥር መጥቶ የቅርፊቱን ወለል ሲያልፍ ከፊሉ ወደ ዘገምተኛው ይለወጣል። ከዚያ ወለል እኩል ቢነሱም አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ተከትሎ ይደርሳል። መብረቁ ብልጭ ካለ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቆጥረን ርቀቱን እንደምንገምት፣ ባለሙያውም በሁለቱ መሀል ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። ቅርፊቱ 40 ኪሎ ሜትር ውፍረት ካለው ልዩነቱ 5 ሰከንድ ያህል ነው። ይህን ያህል ምሥጢር ከጥቂት ሰከንድ መገኘቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

በአገራችን የመሬት መንቀጥቀጥን ጥናት መሠረት የጣሉት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ማዕከል ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን ናቸው። ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች በደጋውም በአፋርም መሣሪያ ተክለው ለክተዋል። በደጋው ቅርፊቱ 40 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይወፍራል፤ በአፋር ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ በአፋር ሰሜን፣ በዳናኪል፣ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይቀራል። ከአፋር ሥር ዘገምተኛው ሞገድ ይበልጥ ይንቀራፈፋል፤ ይህም ዓለቱ በከፊል መቅለጡን ያመለክታል። በ2005 (እ.ኤ.አ.) እዚያው አፋር ውስጥ በዳባሁ አካባቢ ቅልጥ ዓለት 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ስንጥቅ ገብቶ መሬቱን እስከ 8 ሜትር ከፍቶታል።

ወልድያና መርሳ ያሉት ወፍራሙ ወደ ቀጭኑ በሚሸጋገርበት ጠርዝ ላይ ነው። በ1961 (እ.ኤ.አ.) ካራቆሬን ያናወጠውና ማጀቴን ያፈራረሰው መንቀጥቀጥ የተነሳው በዚሁ ጠርዝ፣ ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ፎቅ የምታሠሩ ሁሉ፣ መሐንዲሱ የመሬት መንቀጥቀጥን አስልቶ እንደሆነ መሠረት ሳይወጣ ጠይቁ።