ፈረሱ ማን ነው? ጋላቢውስ?

ጠጋ በሉ። ከመዝገበ ቃላት ጓዳ አንድ ነገር ላሹልክላችሁ።

«ፈረስ» ብላችሁ ብትፈልጉ ጨዋ መልስ ታገኛላችሁ፦ የሚጋለብ፣ የሚጫን የቤት እንስሳ። አለቀ። ታዲያ አዲስ አበባ ላይ «ፈረስ ጠርቻለሁ» የሚለው ሰው ለምን መኪና ይጠብቃል? የታክሲ መጥሪያው ስም ነዋ! የሐረሩ «ፈረስ መጋላ»ስ? የጥንት የፈረስ ገበያ ነዋ! ይህን ግን ማንም ያውቀዋል። የጓዳው ወሬ ሌላ ነው።

ይህ ቃል አርፎ አይቀመጥም። አንዴ ተጋላቢ ነው፣ አንዴ ጋላቢ። ነገሩ ገና ከዘመዶቹ ይጀምራል። በግዕዝም በዐረብኛም «ፈረስ» እንስሳው ነው። የዕብራይስጡ «ፓራሽ» ግን ኮርቻው ላይ ወጥቶ ፈረሰኛ ሆኗል።

እኛ ቤትማ ይብሳል። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። የፈረስ ስም ይሉታል። እስቲ ስሞቹን ጮክ ብላችሁ ጥሯቸው። ታጠቅ! በዝብዝ! ዳኘው! ይህ ለሣር በሊታ የወጣ ስም ይመስላል? የጌታው ፉከራ ነው እንጂ! ፈረሱ ፉከራውን ተሸክሞ ይዘምት ነበር፤ አዝማሪውም ወታደሩም በዚያው ስም ጌታውን ያወድስ ነበር። ንጉሠ ነገሥት እንኳ በፈረሱ ስም ሲጠራ ደስ ይለው ነበር።

አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግ።

ጎንደር፣ የዛር ቤት ውስጥ፣ ፈረሱ ሰው ነው። ዛር የሚባለው መንፈስ የሰፈረባት ሴት የዛሯ ፈረስ ትባላለች። ስታጓራ ቃሉ የእሷ አይደለም፤ የጋላቢዋ ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ተቀምጦ ያጠናው ይህንኑ ዓለም ነው። ያያችሁት እንደሆነ፣ ጌታው በፈረሱ ስም ከፍ ሲል፣ እሷ ራሷ ፈረስ ሆና ጌታ ተሸከመች። ቃሉ ያው አንድ ቃል ነው።

በሉ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ከቤተሰቡ በዕድሜ የገፉትን የቅድመ አያታችሁን የፈረስ ስም ጠይቁልኝ። የነገሥታቱን መጽሐፍ ጽፎታል፤ የእናንተን ግን የያዘው የሽማግሌ አፍ ብቻ ነው። ከሰማችሁት ዛሬውኑ ጻፉት። ሰውየው ምን መሆን ይመኝ እንደነበር ከዚያ ስም በላይ የሚነግራችሁ የለም።