ባለ አየር ጎማ የልጅ ስኩተር፦ የሚባለውና እውነታው

በብቸናም ሆነ በሞጣ ዋናው መንገድ የመኪና ነው። ከደጀን ተነስቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው ሁሉ የሚያልፍበት ስለሆነ ልጁን እዚያ ላይ የሚለቅ ወላጅ የለም። ልጅ የሚጫወተው ገባ ብሎ ባለው የሰፈር መንገድ ነው፤ ጠጠር በፈሰሰበት፣ ኮብልስቶን በተነጠፈበት ወይም ገና ምንም ባልነካው አፈር ላይ። በተለይ መረሬው፣ ጥቁሩ አፈር፣ በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የከብት ኮቴ ጭቃው ላይ የተወው ጉድጓድም እንዳለ ይደርቃል። ለልጅ ስኩተር ለመግዛት ያሰበ ሰው ምርጫውን ከዚህ መሬት ቢጀምር ገንዘቡ አይባክንም። በየቤቱ የሚሰጠው ምክር ግን መሬቱን ይረሳል፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ይሆናል።

«አየር የሚነፋ ጎማ እሾህ ይጨርሰዋል፤ ድፍኑን ግዛና ተገላገል»

ከሁሉ የበለጠ የሚደጋገመው ይህ ነው። እሾህ መኖሩ እውነት ነው። የአጥሩ ቀጋና አጋም፣ የግራሩ ስባሪ ከመንገድ አይጠፋም፤ ጎማም ይበሳል። ነገሩ የሚለየው ከተበሳ በኋላ ነው። ጎሚስታው ከመነዳሪውን አውጥቶ ትንሽ ይነፋዋል፤ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ዙሪያውን እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ በጣቱ ይይዛል። ያደርቀዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፣ ማስቲሽ ቀብቶ ጠፈፍ እስኪል ይጠብቃል፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ የቆረጠውን ልጣፍ ያስቀምጥበትና ይጫነዋል። መልሶ ከመግጠሙ በፊት የጎማውን ውስጥ በጥንቃቄ ዳብሶ እሾሁን ይፈልጋል፤ እሾሁ ሳይወጣ ከተገጠመ ጎማው በዚያው ቀን ተመልሶ ይተነፍሳል። መኪና፣ ባጃጅና ሳይክል ባለበት ከተማ ሁሉ ይህን የሚያውቅ ሰው አለ። ልጁም አጠገቡ ቆሞ ካየ ቆይቶ ራሱ ይሞክረዋል።

ድፍኑ ሲበላሽስ? ትንሹ የፕላስቲክ ጎማ ጠጠር ላይ ሲውል ጠርዙ ይቆራረሳል፣ መሃሉ ይሰነጠቃል። ከዚያ ወዲያ የሚለጠፍለት ነገር የለም። ልኩ የሆነ ሌላ ጎማ በአካባቢው ካልተገኘ ስኩተሩ አልጋ ሥር ይገባል፤ ልጁም «ሌላ ግዙልኝ» ወደሚለው ልመናው ይመለሳል። እኔ ጠንካራ ዕቃ የምለው ቅርብ ያለ ሰው ሊጠግነው የሚችለውን ነው። በዚህ መለኪያ ባለ አየሩ ይበልጣል።

ሻጩ «አየር ነው» ሲል ግን ቃሉን ብቻ አትመኑ። ከላይ ሲታይ ልክ እንደሚነፋ ጎማ ሆኖ ውስጡ ጠጣር ስፖንጅ የሆነ አለ። ቫልቮላ ከሌለው አየር የለውም። ቫልቮላውም እንደ መኪናና እንደ ሞተር ሳይክል ወፍራሙ ዓይነት ይሁን፤ ቀጭኑ ለጎሚስታው መንፊያ አይሆንም።

ልኩም ከጥገና ጋር የተያያዘ ነው። በ12 እና በ16 ኢንች ጎማ የሚሄዱ ስኩተሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት የልጆች ሳይክል ጎማ ነው፤ ስለዚህ ሳይክል በሚጠገንበት ቦታ መለዋወጫ የማግኘት ዕድል አለ። ባለ 8 ኢንቹን የሚገዛ ሰው ትርፍ ከመነዳሪ ከዚያው ከሻጩ ይዞ ቢመጣ ይሻለዋል። ደግሞ 16 ኢንች የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም። ጎማው ጎን ላይ በትንንሹ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። 47-305 ካለ የተለመደው የልጆች ሳይክል ልክ ነው። የመጨረሻው ቁጥር 349 ከሆነ ጎማው የሚቀመጥበት ዙሪያ ዲያሜትሩ በ44 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ አንዱ ለሌላው አይገጥምም። በባለ 12 ኢንቹ ላይ የሚፈለገው 62-203 የሚለው ነው። ይህችን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ ለዘመድ መላክ፣ «ትልቅ ጎማ ያለው ግዛልን» ብሎ ከመላክ ይሻላል።

«ትንሹ ጎማ ይፈጥናል»

ግማሽ እውነት አለው። በሳሎን ሴራሚክ ላይ፣ ወይም አዲስ አበባ ውስጥ በ2008 ዓ.ም. እንደተከፈተው የስኬትቦርድ ሜዳ ባለ ልስልስ ሲሚንቶ ላይ፣ ድፍኑ ጎማ ስለማይጨፈለቅ ጉልበት አይበላም። ውጭ አገር ያሉ አጎትና አክስት በ23 ኪሎ ሻንጣቸው የሚይዙት ታጣፊና ቀላል ስኩተርም ለእንዲህ ያለ ወለል የተሠራ ነው። ፍቅራቸው ሙሉ ነው፤ ዕቃው ግን ለሌላ መንገድ ነው የታሰበው።

ጠጠር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። 2.5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አንድ ድንጋይ እንውሰድ። ከልጁ ክብደት 12 ኪሎ ያህሉ በፊተኛው ጎማ ላይ አርፏል እንበል። ዲያሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድፍን ጎማ ድንጋዩን ተደግፎ ከቆመበት ለመውጣት 21 ኪሎ ገደማ ወደ ፊት የሚገፋ ኃይል ይጠይቃል። 30 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 12 ኢንች ገደማ ከሆነ 8 ኪሎ ይበቃዋል። ድንጋዩ ያው፣ ልጁም ያው ነው። ትንሹ ጎማ ድንጋዩ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ ልጁ ግን ጉዞውን ይቀጥልና መሪውን አልፎ በግንባሩ ይወድቃል። ከስኩተር የሚመጣው ከባዱ አወዳደቅ ይሄ ነው፤ በጎማ ምርጫ ላይ ይህን ያህል የምጨቀጭቀውም ለዚሁ ነው። በዚህ ላይ አየር ያለው ጎማ ጠጠሩን በመጠኑ ይውጠዋል፤ ልጁ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ አይነሳም፣ እጁም አይደነዝዝም።

የሚነፋ ጎማ ዛሬ የከባድ መኪና ነገር ይመስላል እንጂ ገበያ የገባው በልጅ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 በቤልፋስት የሚኖር ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም የልጁ ባለ ሦስት እግር ሳይክል በድንጋይ ንጣፉ ላይ ሲንገጫገጭ አይቶ ጎማውን በጎማ ቱቦ ሸፈነው፣ አየር ሞላበት፤ በቀጣዩ ዓመት የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ሌላው ስኮትላንዳዊ ሮበርት ቶምሰን ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1845 ቀድሞ አስመዝግቦት እንደነበረ በኋላ ታወቀና የደንሎፕ መብት ተሻረ። ያም ሆነ ይህ ችግሩ ዛሬ በኮብልስቶን ላይ ያለው የሰፈር ልጅ ችግር ነበር፤ መፍትሔውም ያው ነው።

«ግጥም አድርገህ ንፋው»

ይሄ ምክር አደገኛ ነው። ጎማው ጎን ላይ የሚችለው የአየር መጠን ተጽፎበታል፤ በባለ 12 ኢንች የልጅ ጎማ ላይ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። የከባድ መኪና ጎማ የሚነፋው ከ100 በላይ በሆነ መጠን ስለሆነ፣ በዚያው ኮምፕሬሰር የልጁን ጎማ መንፋት ከጀመሩ በሰከንዶች ውስጥ ይፈነዳል። የእጅ ፓምፕ ይበቃል። የተጻፈው የመጨረሻው ልክ ነው፤ 25 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ግጥም ያለ ጎማ ኮብልስቶን ላይ ይነጥራል፤ ባለ አየሩን የመግዛቱን ጥቅም ያጠፋዋል። በጣም የላላው ደግሞ ከመነዳሪውን ድንጋይና ቸርኬ መሃል አስገብቶ ያስነክሰዋል፤ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ካያችሁ የእሾህ ሥራ ሳይሆን የአየር ማነስ ነው። ልጁ ሲቆምበት የጎማው ሥር በትንሹ ጎበጥ ካለ ልክ ነው።

«ስለሚያድግ ትልቁን ግዛለት»

ለጫማ እንዲህ እንላለን፤ ከፊቱ ጥጥ እንጎሰጉስለትና ያልፋል። ለስኩተር አይሆንም። መሪው ደረቱን ካለፈ ልጁ በክንዱ ተንጠልጥሎ እንጂ ቆሞ አይነዳም፤ መዞርም ያቅተዋል። ቀጥ ብሎ ሲቆም እጀታው ከወገቡ በላይ፣ ከደረቱ በታች ይዋል። ስለ ዕድገቱ የሚጨነቅ ወላጅ መሪው ከፍና ዝቅ የሚለውን ይምረጥ።

ሰው የማይጠይቀው ሌላ ልክ አለ፦ መቆሚያው ከመሬት ምን ያህል ይርቃል? ልጁ በአንድ እግሩ ሲገፋ የቆመበት ጉልበት በእያንዳንዱ ግፊት ይታጠፋል። መቆሚያው ከፍ ባለ ቁጥር ያ ጉልበት ቶሎ ይደክማል። ትልቅ ጎማ ያለው ጥሩ ስኩተር መቆሚያው በሁለቱ ጎማዎች መሃል ወደ ታች የወረደ ነው። ለሦስትና ለአራት ዓመት ሕፃን ባለ አየሩ ይከብደዋል፤ ከአምስት ስድስት ዓመቱ ጀምሮ ይሁን። ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ በማናቸውም ስኩተር ላይ አዋቂ በቅርብ ሳያየው መንዳት የለበትም። የራስ መከላከያ ቆብም ከግዢው ጋር አብሮ የሚታሰብ ወጪ ነው፤ ከቅንድብ በሁለት ጣት ከፍ ብሎ ካልተቀመጠና ማሰሪያው ካልታሰረ ጥቅም የለውም።

«ከባዱ ብረት ጠንካራ ነው» ለሚሉም፦ ክብደት ጥንካሬን አይነግርም። ስኩተር የሚሰበረው የመሪው አንገት ከመቆሚያው ጋር የተበየደበት ቦታና መታጠፊያው ላይ ነው። እዚያው ሱቅ ውስጥ የፊቱን ፍሬን ጭብጥ አድርጋችሁ ያዙና ስኩተሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁት። አንገቱ ቋ ቋ ካለ ወይ ላልቷል ወይ ሲሠራም ልኩ አልነበረም። መታጠፍ ለማያስፈልገው ቤት የማይታጠፈው ይሻላል። ከዚያ ልጁ ራሱ ደፉን እንዲያሻግረው አድርጉ፤ ማንሳት ካልቻለ ስኩተሩ የወላጅ ሸክም ነው የሚሆነው።

«በጫማው ይቆማል»

በሜዳ ላይ ምናልባት። በቁልቁለት ግን ጫማ ፍሬን አይሆንም። በትንንሾቹ ስኩተሮች ላይ የኋላውን ጎማ በተረከዝ የሚረግጡበት መከላከያ አለ፤ ደረቅ ሲሆን ይሠራል፣ ጎማው ከረጠበ ያንሸራትታል። የሰፈሩ መንገድ ቁልቁል ከሆነ በእጅ የሚያዝ ፍሬን ግድ ነው፤ የልጁም ጣት ሊደርስበት ይገባል። ሁለት ፍሬን ካለው ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ከመጀመሪያው ቀን ይማር፤ የፊቱ ብቻውን በድንገት ሲያዝ ወደ ፊት ይጥላል።

መረሬን የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ጨምሮ ያያል። ጭቃው ጎማ ላይ ተጠቅልሎ በጎማውና በመከላከያው መሃል ይገባና ያቆመዋል። በዚያ ክፍተት የአዋቂ አውራ ጣት እንደልብ ካላለፈ ስኩተሩ ለክረምት አይሆንም።

ቦታውም ይታሰብበት። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ጥቂት ሰዓት መንገድ ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛና ለልጆች ይለቅ ነበር። ብቸናና ሞጣም በሳምንት ለሁለት ሰዓት አንዲት የሰፈር መንገድ ቢዘጉ ወጪ የለውም፤ ልጆቹም ይጠቀማሉ።

«ለሴት ልጅ አይሆንም» የሚባለው ከሳይክል ተወርሶ የመጣ ነው። ስኩተር መቀመጫ የለው፣ ቀሚስ የሚጎትት ካቴና የለው። ሴት ልጅ የምትነዳው ወንድሟ በሚነዳበት ልክ ነው፤ የነጠላዋ ጫፍ ከኋላ እንዳይንዘላዘል ብቻ ይታሰር።

«እዚህ አይሠራም፣ ከውጭ ካልመጣ»

ልጆቻችን ይህን ካፈረሱት ቆይተዋል። ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ፣ ሁለት ጣውላና አንድ ብሎን አገናኝተው ቁልቁለት የሚወርዱት ማን አስተምሯቸው ነው? የብረቱ ጎማ ፍሬን የሌለውና ድንጋይ የማይችል መሆኑ ነው ጉድለቱ። በምሥራቅ ኮንጎ ጎማ በምትባል ከተማ ደግሞ «ቹኩዱ» የሚባል ትልቅ የእንጨት ስኩተር ተሠርቶ ድንችና ከሰል ይጫንበታል፤ በከተማዋ ሐውልት እስከ መቆም የደረሰ የአገሬው ሥራ ነው።

ብየዳ ቤት ባለበት ከተማ አሮጌ የልጅ ሳይክል በቂ ጥሬ ዕቃ ነው። የፊቱ ሹካ፣ የመሪው አንገት፣ ሁለቱ ጎማዎችና ፍሬኖቹ እንዳሉ ይወሰዳሉ፤ በመሃላቸው ካሬ ብረት ዝቅ ብሎ ይበየድና ሸካራ ላሜራ ይለበሳል፣ እግር እንዳያንሸራትት። ባለሙያውን ሦስት ነገር ንገሩት፦ መቆሚያው ከመሬት ከአሥር ሴንቲ ሜትር አይበልጥ፣ የአንገቱ ዘንበል ማለት በሳይክሉ ላይ እንደነበረው ይቆይ፣ የብየዳው ስለት ሁሉ ተሞርዶ ይስተካከል። ሲያልቅ መጀመሪያ አዋቂ ይቁምበት፣ መሃሉ ላይ ደጋግሞ ይዝለልበት፣ ከዚያም ብየዳውን አንድ በአንድ ይመርምር፤ ስንጥቅ ካልታየ ልጁ ይውጣበት።