ያውቁ ኖሯል? የአውስትራሊያ ምድር የሚያበቃበት ፓርክ

ዊልሰንስ ፕሮሞንተሪ በአውስትራሊያ፣ በቪክቶሪያ ግዛት የሚገኝ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የአካባቢው ሰዎች አሳጥረው «ፕሮም» ይሉታል። ስፋቱ ወደ 50,000 ሄክታር ይጠጋል፤ ከሜልበርን በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ስለዚህ አለታማ ባሕረ ገብ መሬት የሚከተለውን ያውቁ ኖሯል?

• የዋናው አውስትራሊያ ምድር የመጨረሻ ደቡባዊ ጫፍ፣ ሳውዝ ፖይንት፣ በዚህ ፓርክ ውስጥ ነው።

• በበረዶ ዘመን የባሕሩ ውኃ ዝቅ ብሎ ስለነበር ከዚህ ተነሥቶ እስከ ታዝማኒያ በእግር መሄድ ይቻል ነበር። ዛሬ ከባሕሩ ብቅ ብለው የሚታዩት ደሴቶች የዚያ የሰመጠ ምድር ከፍታዎች ናቸው።

• አካባቢው ለጉናይኩርናይ፣ ለቡንዉሩንግና ለቡኑሩንግ ነባር ሕዝቦች የአባቶቻቸው ምድር ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ባስ በጀልባ እየቀዘፈ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1798 ነበር።

• ተራሮቹ ከ350 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ያስቆጠረ ግራናይት ናቸው። ከፍተኛው የላትሮብ ተራራ 754 ሜትር ነው፤ ከፍታው ግን ከባሕር ጠርዝ ስለሚጀምር አቀበቱ ቀላል አይደለም።

• «ስኩዊኪ ቢች» በተባለው ዳርቻ አሸዋው ሲረግጡት ይጮኻል። ድምፁን የሚፈጥሩት እርስ በርስ የሚፋተጉት ድቡልቡል የኳርትዝ ቅንጣቶች ናቸው።

• ታይዳል ሪቨር የተባለው ወንዝ ሻይ ይመስላል። ውኃው ቆሽሾ አይደለም፤ ከዕፅዋቱ ቅጠልና ሥር የሚወጣው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው ያቀለመው።

• በፓርኩ የካምፕ ሜዳ ምሽት ላይ ሲግጥ የሚያገኙት ዎምባት የተባለው እንስሳ የሚጥለው ፋንድያ ኩብ ቅርጽ አለው። የአንጀቱ ግድግዳ በአንዳንድ ቦታ ጠንካራ፣ በሌላው ለስላሳ በመሆኑ ሲኮማተር ማዕዘን ያወጣለታል። ዎምባት ፋንድያውን በድንጋይና በግንድ ላይ እያኖረ ክልሉን ያመለክታል።

• የእናት ዎምባት ኪስ አፉ ወደ ኋላ ነው። ጉድጓድ ስትቆፍር አፈሩ በግልገሏ ላይ አይፈስም።

• በፓርኩ የምትኖረው እሾኻማዋ ኤኪድና ልጇን ወተት ብታጠባም የምትወልደው እንቁላል ጥላ ነው። በዓለም ላይ እንቁላል የሚጥሉ አጥቢዎች ኤኪድናዎችና ፕላቲፐስ ብቻ ናቸው።

• በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት የታደጋት ነጭ ባሕር ዛፍ ተፈጥሯዊ መኖሪያው ደቡብ ቪክቶሪያንና ታዝማኒያን ይጨምራል። በፕሮም የሚኖሩት ኮዋላዎችም ምግባቸው የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው።

• እ.ኤ.አ. በ1859 ከዚያው ምድር በተፈለጠ ግራናይት የተሠራው የመርከቦች መብራት ማማ ዛሬም ቆሟል። መኪና አይደርስበትም፤ ጎብኚ ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ መጓዝ አለበት።

• በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውስትራሊያ ኮማንዶዎች የሠለጠኑት እዚህ ነው። ገደሉ፣ ብርዱና ዝናቡ ለሥልጠናው ተመርጠው ነበር።

• እ.ኤ.አ. በ2009 መብረቅ ያስነሣው እሳት የፓርኩን ግማሽ ያህል አቃጠለ። በ2011 ደግሞ ጎርፍ ድልድዩን ጠርጎ ወሰደና ጎብኚዎች በሄሊኮፕተር ወጡ። ምድሩ ግን አገገመ፤ ባንክሲያ የተባለው ዛፍ ብዙ ዝርያው የዘር ፍሬውን የሚከፍተው እሳት ሲነካው ነው።

• ለነባሮቹ እንስሳት ትልቁ ጠላት ከውጭ የገቡት ቀበሮና ድመት ናቸው። ለዚህም ያናኪ በተባለው ጠባብ የምድር አንገት ላይ ከባሕር እስከ ባሕር የሚዘረጋ አጥር የመሥራት ፕሮጀክት ተጀምሯል።

• ውሻና ድመት ይዞ መግባትም ሆነ እንስሳትን መመገብ ክልክል ነው። ካንጋሮ ዳቦ ሲለምድ መንጋጋው ይታመማል፤ ሰውንም መዳፈር ይጀምራል።

በሜልበርንና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖቻችን አደራ፦ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ምግባችሁን ቆልፉ፤ እንስሳቱን ራቅ ብላችሁ እዩ፤ ጨለማ ከመጣ መኪናችሁን ቀስ አድርጋችሁ ንዱ። ያ ምድር ይህን ሁሉ ፍጥረት እስከ ዛሬ ያቆየው ሰው እጁን ስለሰበሰበለት ነው።