የቅዝቃዜ ሕክምና መሣሪያዎች

የቅዝቃዜ ሕክምና መሣሪያዎች በወለምታ፣ በምት ወይም በጡንቻ መሰንጠቅ የተጎዳን የሰውነት ክፍል ለማቀዝቀዝ የሚያገለግሉ ናቸው። ቅዝቃዜ የደም ሥሮችን ያጠባል፤ የነርቭን የመልእክት ፍጥነትም ይቀንሳል። ሕመሙ የሚደነዝዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉም ቀላሉ የበረዶ ከረጢት ነው። 1 ግራም በረዶ ሲቀልጥ 334 ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል፤ ቀልጦ እስኪያልቅም በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቆያል። ስለዚህ ውሃ የተጨመረበት የተፈጨ በረዶ፣ ርካሽ ቢሆንም፣ ከብዙ ውድ ዕቃዎች አያንስም። በውስጡ ጄል ያለበት ከረጢት ግን ከፍሪዘር ሲወጣ ከዜሮ በታች እስከ 18 ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ስለሚችል ያለ ጨርቅ ቆዳ ላይ ከዋለ ያቃጥላል። ፍሪዘር በሌለበት የሚያገለግለው ደግሞ አሞኒየም ናይትሬት ወይም ዩሪያ ከውሃ ጋር ለየብቻ የታሸገበት ከረጢት ነው። ሲጨመቅ የውስጡ ሽፋን ይፈነዳል፤ ጨዉ ሲሟሟ ሙቀት ስለሚስብ ከረጢቱ ይቀዘቅዛል። የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በእግር ኳስ ሜዳ የቡድኑ ወጌሻ ይዞት የሚሮጠው የሚረጭ መድኃኒት አንዳንዱ ኤቲል ክሎራይድ ነው። ይህ ፈሳሽ በ12 ዲግሪ ስለሚፈላ ቆዳ ላይ እንዳረፈ ተንኖ ሙቀቱን ይወስዳል። የሚያቀዝቅዘው ግን የላይኛውን ቆዳ እንጂ ጥልቁን ጡንቻ አይደለም፤ ተጫዋቹ ብድግ ብሎ መሮጡ ጉዳቱ ለመዳኑ ማስረጃ አይሆንም።

ከጉልበት ቀዶ ሕክምና በኋላ የበረዶ ውሃን በፓምፕና በቱቦ ወደ መጠቅለያ የሚያዘዋውር መሣሪያም ይታዘዛል። እንደ ከረጢት ቶሎ ስለማይሞቅ ለረጅም ሰዓት ከተተወ ቆዳንና ነርቭን ይጎዳል። በተለይ በጉልበት ውጫዊ ጎንና በክርን ነርቭ ለቆዳ ቅርብ ስለሆነ ጥንቃቄ ያሻል። የተለመደው ልክ በስስ ጨርቅ ላይ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ነው። በስኳር በሽታ እግሩ የደነዘዘ ሰው ቅዝቃዜው ሲበዛ ስለማይሰማው ሐኪም ሳያማክር ባይጠቀም ይሻላል።

እረፍት፣ በረዶ፣ ማሰርና ከፍ ማድረግ የሚለውን መመሪያ አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን እ.ኤ.አ. በ1978 አስተዋወቀ። ቆየት ብሎ ግን ራሱ ሚርኪን በረዶ ፈውስን ሊያዘገይ ይችላል ወደሚለው አመለካከት ተመለሰ፤ ብግነት የጥገናው መጀመሪያ ነውና። ሕመምን ማስታገሱ ብዙም አያከራክርም። ይሁንና ያው ማስታገስ ስብራትን ሊሸፍን ይችላል፦ ቁርጭምጭሚቱን የተመታ ሰው አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው በረዶ ይዞ ከመጠበቅ ይልቅ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ራጅ እንዲነሳ ይመከራል።