የልዑል ዓለማየሁ ፎቶግራፎችና ቅጂዎቻቸው

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1868 እንግሊዛዊቷ ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በዋይት ደሴት ላይ የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን ፎቶግራፍ አነሣች። ልጁ የሰባት ዓመት ዕድሜ ነበረው። አባቱ በሚያዝያ በመቅደላ ሞተዋል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም የእንግሊዝ ጦር ወደ ባሕር በሚመለስበት ጉዞ ላይ ዐርፈዋል። ከምስሎቹ በአንዱ ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲ የሐበሻ ልብስ ለብሶ ከልጁ ጋር ይታያል።

እነዚህ ምስሎች ዛሬ በመጻሕፍትና በጋዜጦች ደጋግመው ይወጣሉ። አንባቢው የሚያየው ግን አብዛኛውን ጊዜ የቅጂ ቅጂ ነው። የዘመኑ የኮሎዲዮን መስታወት ሰማያዊ ብርሃንን እንጂ ቀዩን እምብዛም ስለማይቀበል ጠይም ፊት ከእውነቱ ይልቅ ጠቁሮ ይወጣል። ያም ሆኖ በእንቁላል ነጭ በተቀባ ወረቀት ላይ በታተመው ቡናማ ምስል የጥላው እርከን ብዙ ነው። ያው ምስል በጋዜጣ ነጠብጣብ በጥቁርና ነጭ ሲታተም እርከኖቹ ይዋጣሉ፤ ፊቱም ይጨልማል። ስለዚህ በልጁ ገጽ ላይ የሚነበበው ሐዘን በከፊል የማተሚያ ቀለም ሥራ ነው። በካሜሮን ፊት የሚቀመጥ ሰው ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ መቆየት እንደነበረበትም መዘንጋት አይገባም። ይህ ሁሉ ልጁ አላዘነም አያሰኝም፤ ሐዘኑን ከፎቶግራፉ ብቻ መመስከር ግን ያስቸግራል።

ከዚህ ይበልጥ ትርጉም የሚለውጠው መቁረጥ ነው። ስፒዲ በምስሉ ውስጥ ሲኖር ልጁ በማን እጅ እንደወደቀ ይታያል፤ የድል አድራጊው መኮንን የተሸነፈውን አገር ልብስ መልበሱም ራሱን የቻለ ነገር ይናገራል። ስፒዲ ሲቆረጥ ብቻውን የቀረ የሙት ልጅ ይተርፋል። ሁለቱም ሐሰት አይደሉም። የኋለኛው ልብን ይበልጥ ይነካል፤ የታሪክ ማስረጃነቱ ግን ያንሳል።

ርእሱም እንዲሁ ነው። በ1868 ምስሉ ለገበያ የቀረበው «የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ» በሚል መጠሪያ ሲሆን፣ ገዢው የሚገዛው የጦርነቱን ወሬ ነበር። ልዑሉ በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። በ2023 የቤኪንግሃም ቤተ መንግሥት ዐፅሙን ለመመለስ ፈቃደኛ አለመሆኑን ባስታወቀ ጊዜ ጥንታዊዎቹ ምስሎች የጥያቄው ማስረጃ ሆነው ከዜናው ጋር ወጡ።

ካሜሮን ብዙ ጊዜ ከምስሉ በታች፣ በተለጠፈበት ካርቶን ላይ፣ በእጇ ትጽፍ ነበር። ቅጂ አዘጋጆች የካርቶኑን ጠርዝ ሲያስወግዱ ለልጁ መጠሪያ የሰጠው ማን እንደሆነ የሚያሳየው ጽሑፍም አብሮ ይወገዳል።